ዛንዚባር መቼ ይኬዳል? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የዛንዚባርን ጉዞ የሚመለከቱ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስለሚበርና ቀጥታ በረራው ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ ደሴቲቱ ባሕር ለሌለን ለእኛ ቅርብ መዝናኛ ሆናለች። ሆኖም ወቅቱን ሳያጠኑ ቲኬት የሚቆርጡ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። የእኛ የበዓል፣ የጾምና የትምህርት ቤት አቆጣጠር ከደሴቲቱ የዝናብና የነፋስ አቆጣጠር ጋር አንዳንዴ በእጅጉ ይስማማል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጣላል። ከዚህ በታች ወራትን ያለ ተጨማሪ መግለጫ ስንጠቅስ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

ጥያቄ፦ እኔና እጮኛዬ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሰርጋችንን እንደግሳለን። ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባርን መርጠናል። የጉዞ ወኪላችን በባሕሩ ዳርቻ ያለ ጥሩ ሆቴል በግማሽ ዋጋ እንዳገኘልን ሲነግረን ደስ ብሎን ነበር፤ ለምን ይህን ያህል እንደረከሰ ስንጠይቀው ግን «ወቅቱ ስላልሆነ ነው» ከማለት በቀር አላብራራልንም። ብንሄድ ይሻላል ወይስ ብንተወው? (ሙሽሮች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋብቻችሁን እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። ሆቴሉ የረከሰው ደሴቲቱ በዓመት ውስጥ ከሁሉ የበረታውን ዝናብ የምታገኘው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ነው። የዛንዚባር ሰዎች ማሲካ የሚሉት ረጅሙ የዝናብ ወቅት ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ገደማ ይዘልቃል፤ ጉልበቱ የሚበረታውም በሚያዝያ ነው። ደሴቲቱ በዓመት 1,600 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ስታገኝ፣ በዚያ በአንድ ወር ውስጥ ብቻ በአማካይ ከ300 ሚሊሜትር በላይ ይወርዳል። አዲስ አበባ ክረምቱ ጠንክሮ በያዘበት በነሐሴ እንኳ ይህን ያህል አታገኝም።

ለእኛ አገር ሙሽሮች ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ግጥጥሞሽ የአንድ ዓመት አጋጣሚ አለመሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ ወይም ከሚያዝያ 30 ቀን አልፎ አይውልም። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ተፈትቶ የሰርግ ድንኳን በየሰፈሩ የሚተከልበት ወቅት፣ ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም፣ ከማሲካ አያመልጥም። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ለሰርግ የተመቹትን ያህል ለዛንዚባር ጉዞ የማይመቹ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የማሲካ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ከሰዓት በኋላ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ረፋዱ ላይ ብራ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሰማዩ ሳይገለጥ የሚከርምበት ጊዜም አለ። ዶፉ ሲያባራ ፀሐይዋ ወዲያውኑ ስለምትወጣ ከረጠበው መሬት የሚነሣው ወበቅ ልብስን ከሰውነት ጋር ያጣብቃል፤ የታጠበ ፎጣ በረንዳ ላይ ቢሰጣ በማግሥቱም ላይደርቅ ይችላል። ከየብስ የሚወርደው ጎርፍ በባሕሩ ዳር ያለውን ውኃ ስለሚያደፈርሰው፣ በማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ ያያችሁትን ሰማያዊ ቀለም ለቀናት ላታገኙት ትችላላችሁ። በጀልባ የሚደረጉ ሽርሽሮች ይሰረዛሉ። ከሆቴሎችም አንዳንዶቹ ጭራሹን ዘግተው እድሳት የሚያካሂዱት በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ክፍት በሆኑት ውስጥም ቢሆን የግንባታ ድምፅ መስማት ያጋጥማል። በግማሽ ዋጋ የሚገዛው እንግዲህ ይህ ሁሉ ያለበት ዕረፍት ነው።

ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፤ ሰርጉን በቀኑ ደግሱ፣ ጉዞውን ግን አቆዩት። ግንቦት ሲያልቅና ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይቀንሳል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ የሆቴል ዋጋ ግን ወዲያው ወደ ላይ ስለማይወጣ፣ የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለኪስም ለጤናም የሚስማሙ ናቸው። የሰኔን ጾም፣ ማለትም ጾመ ሐዋርያትን የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ሐምሌ 5 ቀን ስለሚፈታና ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ፣ በመካከል ያሉት የሐምሌ ቀናት በደሴቲቱ ከዓመቱ ሁሉ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ይህን ያህል የተመቸ ክፍተት ሌላ ቦታ ብትፈልጉ በቀላሉ አታገኙም።

የአየር ቲኬታችሁ ተቆርጦ ከሆነና መለወጥ ካልተቻለ፣ በባሕሩ ዳርቻ ካለው ሆቴል ይልቅ በከተማው፣ በስቶን ታውን ውስጥ ማረፍ ይሻላል። የዓለም ቅርስ ሆኖ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ይህ የድንጋይ ከተማ በዝናብም ቢሆን የሚታይ ነገር አያጣም፤ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች፣ ገበያውንና የድሮዎቹን ቤቶች ዝናቡ ባባራ ቁጥር እየወጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ወደፊት ለማግባት ያሰቡ አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። ከጥምቀት በኋላ በጥር የሚደገስ ሰርግ ለዚህ ጉዞ እጅግ ይስማማል፤ በዚያ ወር ደሴቲቱ ሞቃትና በአብዛኛው ደረቅ ናት።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ መምህራን ስለሆንን ከሁለት ልጆቻችን ጋር መጓዝ የምንችለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን «ክረምት ከክረምት አታመልጡም፣ እዚያም ይዘንብባችኋል» እያሉ አስፈርተውናል። እውነት ነው? (መምህር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ከአንባቢዎቻችን ሁሉ የዕረፍት ጊዜያችሁ የተቃናላችሁ እናንተ ናችሁ። ጎረቤቶቻችሁን ያሳሳተው ሁለቱ አገሮች በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ስላሉ አንድ ዓይነት ወቅት አላቸው የሚለው ግምት ነው። ምክንያቱን ከእነ አሠራሩ ብናብራራው ለሌሎችም አንባቢዎች ይጠቅማል።

ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነሡት ነፋሳት በምድር ወገብ አካባቢ ይገናኛሉ። በሚገናኙበት ቀጠና ሞቃትና ርጥበት ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባልም። ይህ ቀጠና ግን በአንድ ቦታ አይቆምም፤ ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ደቡብ ይጓዛል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በ6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀጠናው ሁለት ጊዜ ያልፍባታል። ወደ ሰሜን ሲያልፍ ረጅሙን ዝናብ፣ ማሲካን ያመጣል፤ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ የሚቆየውን አጭሩን ዝናብ፣ ቩሊ የሚሉትን ያመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቀጠናው በእኛ በሰሜኖቹ ላይ ሰፍሮ ለጎጃም፣ ለሸዋና ለወሎ ክረምትን ሲሰጥ፣ ዛንዚባር ከእርሱ ርቃ ትደርቃለች። የእኛ ክረምትና የእነርሱ ደረቅ ወቅት የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ይህን ለመረዳት ከአገራችን ሳንወጣ ቦረናን ማየት እንችላለን። በቦረና ዋናው ዝናብ በበልግ ወራት ይጥላል፣ ሁለተኛውና አጭሩ ዝናብ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይመጣል፤ ሰሜኑ በዶፍ ሲመታ ግን በዚያ ደረቅ ነው። ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሐምሌ የወረደ ሰው፣ ዝናቡ ቀስ በቀስ ከኋላው ሲቀር አስተውሎ ይሆናል። ዛንዚባር የዚሁ መስመር ተከታይ ናት ማለት ይቻላል።

በሐምሌና በነሐሴ በደሴቲቱ በወር የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 50 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እርሱም አልፎ አልፎ በሚመጣ አጭር ካፊያ የሚያልቅ ነው። የቀኑ ሙቀት 28 ዲግሪ አካባቢ፣ የሌሊቱ ደግሞ 21 ወይም 22 ዲግሪ ስለሚሆን፣ ከደጋ የመጡ ልጆች ያለ ችግር ይተኛሉ። ባሕሩ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህ ለደሴቲቱ ሰዎች ቀዝቃዛ ቢሆንም የላንጋኖን ውኃ ለለመደ ሰው የሚያስፈራ አይደለም።

ልታስቡበት የሚገባው ነገር ነፋሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ኩሲ ይባላል። ኩሲ ወበቁን ስለሚያነሣ ደሴቲቱን ለኑሮ የተመቸች ያደርጋታል፤ በአንጻሩ በምሥራቁ ጠረፍ ላይ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ የባሕር አረምም ወደ አሸዋው ይገፋል። ከትንንሽ ልጆች ጋር የምትሄዱ ከሆነ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያሉትን ኑንግዊንና ኬንድዋን ምረጡ። የደሴቲቱ አካል ራሱ ነፋሱን ስለሚከልልላቸው በዚያ ውኃው ረጋ ያለ ነው። ከዳሬሰላም በመርከብ ለመሻገር ካሰባችሁም፣ ጉዞው በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆንም በኩሲ ጊዜ መናወጡ ስለማይቀር፣ ባሕር የሚያጥወለውለው ልጅ ካላችሁ በአውሮፕላን መሄድ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ለአውሮፓውያንም የዕረፍት ወራት በመሆናቸው ሆቴሎች ቀድመው ይሞላሉ፤ ማረፊያችሁን ቢያንስ ከሚያዝያ ጀምሮ ብትይዙ ዋጋው አይጎዳችሁም።

ደግሞም በዚህ ወቅት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ዓሣ ነባሪዎች ያልፋሉ። ከደቡቡ ቀዝቃዛ ባሕር ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ውኃ የሚመጡት እነዚህ ግዙፍ እንስሳት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አንዳንዴ ከጀልባ ይታያሉ። እናንተ መምህራን ስለሆናችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ማሳየት ትፈልጉ ይሆናል ብለን ነው የጨመርነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በዛንዚባር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ፓጄ በምትባል መንደር አርፌ ነበር። በደረስኩ ማግሥት ከቁርስ በኋላ ለመዋኘት ብወጣ ባሕሩ ከቦታው የለም! እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋና ጭቃ ብቻ ነበር። ወቅቱ መጥፎ ስለነበረ ነው ወይስ የሆቴሉ ሰዎች አታለውኝ ነው? (ነጋዴ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ማንም አላታለልዎትም፤ ጉዳዩም ከዝናብና ከፀሐይ ወቅት ጋር አይያያዝም። ያዩት የባሕሩን ሽሽት ነው። የትኛውንም ወር ቢመርጡ ይህ ነገር ስለሚጠብቅዎት፣ ከወሩ ይልቅ በወሩ ውስጥ ያለውን ቀን መምረጥ ይጠቅማል።

ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየዕለቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ስለሚስቡት ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዛንዚባር በእነዚያ ቀናት በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የምሥራቁ ጠረፍ ወለል ዝርግና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ውኃው በከፍታ የሚወርደው ጥቂት ሜትር ሆኖ ሳለ በርቀት የሚሄደው ግን ብዙ መቶ ሜትር ነው። በኑንግዊና በኬንድዋ ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ሽሽቱ ያን ያህል አይታይም።

በጉዞ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር ግን እጅግ ጠቃሚ የሆነ ነገር አለ። በዛንዚባር ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና በተወለደችበት ሰሞን ውኃው ከሁሉ የሚርቀው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የሚሞላው ደግሞ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከቁርስ በኋላ ወጥተው ባሕሩን ያጡት ምናልባት በዚያ ሰሞን ስለሄዱ ይሆናል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ግን ተቃራኒ ነው፤ ረፋዱ ላይ ውኃው ይሞላል፣ ሽሽቱም አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ በምሥራቁ ጠረፍ ማረፍ የሚፈልግና መዋኘትን የሚያስቀድም ሰው ጉዞውን ግማሽ ጨረቃ በምትታይበት ሳምንት ቢያደርግ ይበጀዋል። ትክክለኛውን ሰዓት ለማወቅ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ይጠይቁ፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሆነ፣ ሳዓ ንኔ ካሉዎት አራት ሰዓት ማለታቸው ነው።

ውኃው ሸሽቶ ባገኙት ጊዜ ደግሞ አዝነው ወደ ክፍልዎ አይመለሱ። በፓጄና በጃምቢያኒ ያ ሰዓት የሴቶቹ የሥራ ሰዓት ነው። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ጠረፍ ለገበያ የሚተከለውን የባሕር አረም የሚያለሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በአሸዋው ላይ ትንንሽ የእንጨት ችካሎች ይተክላሉ፣ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፣ በገመዱም ላይ የአረሙን ቁራጭ በየስንዝሩ ያስራሉ። ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ያ ሁሉ ይዋጣል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ አድጎ ይነቀላል፣ በፀሐይም ደርቆ ይሸጣል። ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር በምግብና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ለእነዚህ ሴቶች ወቅት ማለት ኑሮ ነው፤ ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አረሙ ይታመማል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚህም የተነሣ ዋጋው ከፍ ያለውን የአረም ዓይነት በጥልቀት በሌለው ውኃ ማልማት እየከበዳቸው መጥቷል። ወደ ማሳቸው ሲቀርቡ ሰላምታ ይስጡ፣ ገመዶቹን አይርገጡ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶግራፍ አያንሡ። በሸሸው ባሕር ላይ በባዶ እግር መሄድም አይገባም፤ በዐለቱ ሥር የሚቀመጡት እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር፣ የጎማ ጫማ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ፈቃድ የማገኘው ከገና ሰሞን እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ እናቴን ጠይቄ ከዚያ ወደ ዛንዚባር ለመሻገር አስባለሁ። ወቅቱ እንዴት ነው? ከአየሩ ሌላስ ምን ማወቅ ይኖርብኛል? (ነርስ፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ ወቅቱ መልካም ነው፤ ሞቃት ግን ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚነፍሰው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ሲሆን ካስካዚ ይባላል። ዛንዚባርን ታላቅ የንግድ ከተማ ያደረጋት የዚህ ነፋስና የኩሲ መፈራረቅ ነው። ከዐረብ፣ ከፋርስና ከሕንድ የተነሡ ነጋዴዎች በካስካዚ እየተገፉ በሸራ ጀልባ ይመጡ ነበር፤ ቅርንፉድና ዝሆን ጥርስ ጭነው ኩሲ እስኪነሣ ይጠብቁና በእርሱ ይመለሱ ነበር። ዛሬም በዚህ ወቅት ሸራቸውን የወጠሩ ጀልባዎች ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ማምሻውን ሲያልፉ ይታያሉ።

በጥርና በየካቲት የቀኑ ሙቀት 32 ወይም 33 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ከዋሽንግተን ብርድ ወጥተው በደጋዋ አዲስ አበባ ለሰነበቱ ሰው ይህ ወበቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል በሐምሌ ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ በጥር ግን ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጭም። የቩሊ ዝናብ ጭራ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ከተቻለዎት መጀመሪያ እናትዎን ጠይቀው፣ ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብረው ከዚያ ቢሻገሩ ሁለት ነገር ያተርፋሉ፤ ሰማዩ ይበልጥ ይረጋጋል፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ሰማይ የሚነካው የሆቴል ዋጋም ይወርዳል።

ከአየሩ ሌላ አስቀድመው ሊያዘጋጁት የሚገባ ወረቀት አለ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለምትገኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ቢይዙም እንኳ ከአዲስ አበባ ሲገቡ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ። ሕጉ በአዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ ለቆየ ተሸጋጋሪ መንገደኛም ይሠራል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው መውሰድ ይኖርብዎታል። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የመንግሥቱን የጉዞ መድን በ44 የአሜሪካ ዶላር እንዲገዛ ይገደዳል፤ ከአሜሪካ ያመጡት ሌላ መድን በዚህ ምትክ አይቆጠርም።

የደሴቲቱ ሕዝብ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ረመዳንንም ማስላት ያስፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በ2019 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ይገባል፤ ማለትም በሚቀጥሉት ዓመታት ከደረቁ ወቅት ጋር ይገጥማል። በጾሙ ወር ቀን ቀን በከተማው ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በሆቴሎች ውስጥ ግን ምግብ አይቋረጥም። በመንገድ ላይ አለመብላትና አለመጠጣት፣ በከተማና በመንደር ሲዘዋወሩም ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ተገቢ ነው። ከእኛ መካከል ጾምን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ችግር አያየውም፤ እንዲያውም ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማዋ ከቤት ወጥታ የምትበላበትን ሰዓት ማየት በራሱ ለጉዞው ምክንያት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማዳጋስካርንና ሞዛምቢክን በየዓመቱ የሚመታው ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ ዛንዚባርንም ይነካል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይነካም። እንዲህ ያለው ነፋስ ለመሽከርከር የመሬት ዙረት የሚሰጠውን ግፊት ይፈልጋል፤ ይህ ግፊት በምድር ወገብ አካባቢ ደካማ ስለሆነ ዛንዚባር ባለችበት ኬክሮስ አውሎ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ አይጸናም። የማይሆን ነገር ግን አይደለም። በ1872 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል ወር ደሴቲቱን የመታው አውሎ ነፋስ ከተማዋን አፍርሶ በዋናዋ ደሴት በኡንጉጃ የነበሩትን አብዛኛዎቹን የቅርንፉድ ዛፎች ነቅሏል፤ ያ ጥፋት ብዙም ያልነካት ሌላዋ የዛንዚባር ደሴት ፔምባ ከዚያ በኋላ የቅርንፉድ ዋና ምድር ሆና እስከ ዛሬ ቆይታለች። በቅርቡም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ታንዛኒያ ጠረፍ ተጠግቶ ማፊያ ደሴት አካባቢ ከመድረሱ በፊት ተዳክሟል። ሁለቱም የመጡት በማሲካ ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ሞሪሺየስን ለመጎብኘት ያሰቡ ግን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ እርሷ በአውሎ ነፋሱ መንገድ ላይ ስላለች ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ የእኔ ፈቃድ በኅዳር ነው። አጭሩ ዝናብ ጉዞዬን ያበላሸዋል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ እንደ ዓመቱ ነው። በተለመደ ዓመት የቩሊ ዝናብ ለአንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ የሚያልፍ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሁለቱ ነፋሳት በሚፈራረቁበት ሰሞን ባሕሩ ስለሚረጋጋም ቩሊ ሳይጠነክር ያለው ጊዜ በምኔምባ ደሴት አካባቢ ከውኃ በታች ያሉትን ኮራሎችና ዓሦች ለማየት የተመቸ ነው። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ በተነሣበት ወይም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ በሞቀበት ዓመት ግን ሌላ ነው። በ1990፣ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ወቅት ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ዝናብ የመጣው በዚህ መንገድ ነበር፤ በ2016ቱ በእኛ ሶማሌ ክልል የደረሰውን ጎርፍ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ደግነቱ ይህ አስቀድሞ ይታወቃል። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ትንበያ ዓመቱ ከመለወጡ በፊት በነሐሴ ገደማ ይፋ ያደርጋል፤ የታንዛኒያ የሜትዎሮሎጂ ባለሥልጣንም ስለ ቩሊ ለብቻው መግለጫ ይሰጣል። ትንበያው ከወትሮው በላይ ዝናብ ይጠበቃል የሚል ከሆነ ፈቃድዎን ወደ ጥር ለማዛወር አሠሪዎን ይጠይቁ። ካልሆነ ግን ቲኬትዎን ይቁረጡ፣ ሆቴሉንም ያለ ቅጣት መሰረዝ በሚፈቅድ ውል ይያዙ።